የጎጀቡ ምርኮኛ፦ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ

የጌታችንንና የመድኃኒታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን የልደት በዓል ለማክበር ምእመናን ከኅዳር 15 ቀን ጀምረው የነቢያትን ጾም ሲጾሙ ይሰነብታሉ። ይህ ጾም የተስፋ ጾም ነው። ነቢያት በመከራ ውስጥ ሆነው የመዳንን ቀን በናፍቆት እንደጠበቁ ሁሉ፣ እኛም በየዓመቱ ከእነርሱ ጋር ሆነን እንጠብቃለን። በአገራችን ታሪክ ይህ የተስፋ ጾም ከጽኑ መከራ ጋር የተገናኘባቸው ዓመታት ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህም አንዱ 1929 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት፣ ታኅሣሥ 9 ቀን፣ ልደት ሊከበር ሃያ ቀን ሲቀረው፣ ጅማንና ካፋን በሚለየው በጎጀብ ወንዝ ዳር የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ለጣልያን ጦር እጃቸውን ሰጡ።

እጅ መስጠት በጦረኛ ዘንድ እንደ ክብር አይቆጠርም። ስለዚህ በበዓል ዓምድ ስለ ምርኮ መጻፋችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን የእኒህን ሰው ሕይወት፣ ከጎጀብ በፊት የነበረውንና ከጎጀብ በኋላ የመጣውን፣ አያይዘን ስንመለከተው የክርስቲያን ምስክርነት በሞት ብቻ የሚፈጸም አለመሆኑን የሚያስረዳ ሆኖ እናገኘዋለን። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የጻድቃንንና የሰማዕታትን ገድል የምትጽፈው በራሷ ሥርዓት ነው። እኛ በዚህ የምንተርከው ገድል ሳይሆን ታሪክ ነው። የሰውን ልብ የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ስለሆነ፣ ስለ ራስ እምሩ የልብ ሐሳብ ለመናገር አንደፍርም። ዛፍ ከፍሬው እንደሚታወቅ ሁሉ፣ ከሠሩት ሥራ የምንማረውን ብቻ እንናገራለን።

ከሐረር እስከ ተከዜ

ራስ እምሩ በ1885 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ይባላሉ። ያደጉት በሐረር፣ በልዑል ራስ መኰንን ቤት፣ ከዘመዳቸው ከልጅ ተፈሪ መኰንን ጋር ነው። ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ሲያርፉ ሁለቱም ገና ልጆች ነበሩ። በአንድ ቤት ያደጉት እኒህ ሁለት ልጆች፣ አንደኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ በኋላም ወዳጅነታቸው አልተቋረጠም።

ራስ እምሩ በሐረርና በወሎ በአገረ ገዥነት ካገለገሉ በኋላ በ1924 ዓ.ም. በጎጃም ተሾሙ። ጊዜው ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከሥልጣን የወረዱበት ስለነበር፣ ከሌላ አገር ለመጣ ገዥ ሥራው ቀላል አልነበረም። የፋሽስት ኢጣልያ ጦር ድንበር ጥሶ በገባ ጊዜም የጎጃምን ሠራዊት አስከትለው፣ ብዙ ቀን የፈጀውን መንገድ በእግር ተጉዘው ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ።

እዚህ ላይ አንባቢ ወሩን ልብ እንዲልልን እንወዳለን። ጊዜው ያው የነቢያት ጾም ነበር። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ተከዜን የተሻገረው የራስ እምሩ ሠራዊት በደምበጉና መተላለፊያ የጣልያንን ጦር ገጥሞ፣ ታንኮቹን ሰብሮና ማርኮ ድል አደረገ። በዚያ ጦርነት ከተገኙት ጥቂት ድሎች አንዱ ይህ ነው። ነገር ግን የድሉ ደስታ ብዙ ቀን አልቆየም። ታኅሣሥ 13 ቀን ማለዳ የጠላት አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በሰፈረው ሠራዊት ላይ ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ነገር ጣሉ። የወረዱት በርሜል መሰል ዕቃዎች እንደ ቦምብ የሚፈነዱ አልነበሩም፤ መሬት በነኩ ጊዜ እየተሰበሩ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ይረጩ ነበር። ፈሳሹ የነካው ሰው እጁ፣ እግሩና ፊቱ እየቈሰለ በሥቃይ ይጮኽ ጀመር። ጥሙን ለማርካት ወደ ወንዙ የሮጠውም ውኃው ተመርዞ ስለነበር በዚያው ቀረ። የጦር አለቆቹ ምን እናድርግ እያሉ ራስ እምሩን ከበቧቸው። እርሳቸው ግን እንዲህ ያለውን ዝናም በምን እንደሚዋጉት ግራ ገብቷቸው፣ የሚሰጡት ትእዛዝ ማጣታቸውን ከብዙ ዘመን በኋላ ተናግረዋል።

ይህ አነጋገር የእውነተኛ ሰው አነጋገር ነው። ብዙ የጦር አለቆች በኋላ ታሪካቸውን ሲተርኩ ሁልጊዜ የሚያደርጉትን ያውቁ እንደነበር ያስመስላሉ። ራስ እምሩ ግን በሠራዊታቸው ሥቃይ ፊት አቅም አጥተው መቆማቸውን አልደበቁም። እንደምንገምተው፣ በሚቀጥለው ዓመት በጎጀብ ዳር ለወሰዱት ውሳኔ የተከዜው ማለዳ ሳያዘጋጃቸው አልቀረም። ሰው በእርሳቸው ትእዛዝ ሥር ሆኖ እንዴት እንደሚያልቅ በዓይናቸው አይተዋልና።

የጎሬ ወራት

በየካቲት ወር መጨረሻ በሽሬ በተደረገው ውጊያ ሠራዊቱ ተፈታ። ራስ እምሩ ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር ተከዜን ተሻግረው ወደ ጎጃም ተመለሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ከሦስት ቀን በኋላም ጠላት ከተማዪቱን ያዘ። እንደራሴ እንዲሆኑ የተመረጡት ራስ እምሩ ጠላት ገና ወዳልደረሰበት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኢሉባቦር ተጓዙ። የኢትዮጵያ መንግሥት ስም የቀረው በጎሬ ከተማ ብቻ ነበር።

በዚያው ወራት በነቀምቴ በኩል ከሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኰንኖችና ሌሎች የተማሩ ኢትዮጵያውያን የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቁመው ነበር። በሰኔ ወር በቦናያ ያረፉትን የጣልያን አውሮፕላኖች ያቃጠሉት እነዚህ ናቸው። ማኅበሩ ለራሱ ባወጣው ደንብ ለገበሬውና ለምርኮኛው ርኅራኄ እንዲደረግ አዝዞ ነበር። ጠላት የመርዝ ጋዝ በሚያዘንብበት ጊዜ ስለ ምርኮኛ መራራት መታሰቡ የሚያስደንቅ ነው። ወጣቶቹ ራስ እምሩ እንዲመሯቸው ለመኗቸው፤ እርሳቸውም እሺ አሉ።

በጎሬ ከተማ ሌላም የእግዚአብሔር ሰው ነበሩ። በ1921 ዓ.ም. በግብፅ ጵጵስና ከተቀበሉት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ብፁዕ አቡነ ሚካኤል መንበራቸው በዚያ ነበር። ወንድማቸው ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው በሰማዕትነት አርፈዋል። በ1929 ዓ.ም. በኅዳር ወር ጠላት ጎሬን ሲይዝ አቡነ ሚካኤልም ለወራሪው አልገዛም በማለታቸው እንደ ወንድማቸው ተገደሉ። ራስ እምሩ ደግሞ ከቀረው ሠራዊትና ከጥቁር አንበሳ ወጣቶች ጋር ጎሬን ለቀው ደኑን እያቋረጡ ወደ ካፋ በኩል አመሩ።

በጎጀብ ዳር

የካፋ ምድር ክርስትናን ያወቀችው በቅርብ ጊዜ አይደለም። በ16ኛው ምዕት ዓመት በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ወንጌል ወደዚያ እንደደረሰ ይነገራል። ከዚያ በኋላም ካህንና መጽሐፍ ባጡበት ረጅም ዘመን ጾምንና በዓልን ከአባቶቻቸው እንደተረከቡት ጠብቀው የኖሩ ቤተሰቦች በዚያ ምድር ነበሩ። ካፋ ምርኮንም ታውቀዋለች። የካፋ የመጨረሻ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከወራት ተጋድሎ በኋላ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተይዘው፣ በብር ሰንሰለት ታስረው ወደ ሸዋ ተወሰዱ፤ አገራቸውንም ዳግመኛ ሳያዩ በ1911 ዓ.ም. ዐረፉ። እርሳቸውን የማረካቸው የባዕድ ጦር አልነበረም፤ የራሳችን ጦር ነበር። ስለ ጎጀብ ምርኮ ስንጽፍ ይህን ብንዘለው እውነትን ማጉደል ይሆንብናል። የተማረከ ሰው ኀዘን፣ ማራኪው ማንም ይሁን ማን፣ አንድ ነው።

ራስ እምሩ ጎጀብ ሲደርሱ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ወንዙ ከፊታቸው ነው፤ የጠላት ጦር ከየአቅጣጫው ከቧቸዋል፤ አውሮፕላንም ከላይ ያንዣብባል። ለወራት የተጓዘው ሠራዊት ስንቁም ጥይቱም አልቋል። በዚህ ጊዜ ከፊታቸው የነበሩት ምርጫዎች ሁለት ነበሩ። አንደኛው እስከ መጨረሻው ሰው ተዋግቶ መሞት ነው፤ በዚህ የራስ እምሩ ስም በጀግንነት ይጠራል፣ አብሯቸው ያለው ወጣት ሁሉ ግን ያልቃል። ሁለተኛው እርሳቸው ምርኮኛ ሆነው የተከታዮቻቸው ሕይወት እንዲተርፍ ማድረግ ነው። ራስ እምሩ ሁለተኛውን መረጡ። የእጅ መስጠቱን ውርደት በራሳቸው ላይ ወሰዱ።

ወንጌላዊው ዮሐንስ እንደጻፈልን፣ ጌታችን በጌቴሴማኒ ሊይዙት በመጡ ጊዜ የሚፈልጉት እርሱን መሆኑን አስመስክሮ፣ ደቀ መዛሙርቱን ግን እንዲተዉአቸው ተናግሯል። እረኛው ራሱን ሰጠ፣ በጎቹም ሄዱ። የማንም ሰው ሥራ ከጌታ ሥራ ጋር አይመዛዘንም። ሆኖም ክርስቲያን የሚሄድበት ፍለጋ ይህ ነው። ልጆቹን፣ ሠራተኞቹን፣ በእርሱ እጅ ያሉትን ለማትረፍ ክብሩን የጣለ ሰው የዚያን ሌሊት አብነት ተከትሏል ማለት እንችላለን።

በአንድ ወር ውስጥ፣ በአንድ አገር፣ ሁለት ሰዎች ሁለት መንገድ ሄዱ። አቡነ ሚካኤል ለጠላት ቃላቸውን አንሰጥም ብለው ሞቱ። ራስ እምሩ ለሰው ብለው በሕይወት ተማረኩ። ጳጳሱ ቢታዘዙ ኖሮ መንጋው በነፍሱ ይሰናከል ነበር፤ የጦሩ አለቃ ባይማረኩ ኖሮ መንጋው በሥጋው ያልቅ ነበር። ምርጫው የተለያየ ይምሰል እንጂ ሁለቱም ከራሳቸው ይልቅ የተሰጧቸውን ሰዎች አስቀደሙ። ልደቱን የምናከብርለት ጌታም በሕፃንነቱ ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ ተሰዷል፤ ጊዜው በደረሰ ጊዜ ደግሞ ራሱን አሳልፎ ሰጥቷል። ለእያንዳንዱ ሰዓት የሚገባውን መለየት የመንፈስ ቅዱስ ስጦታ ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም፤ መራራውንም መናገር ይገባናል። በጎጀብ የተፈለገው ምሕረት ለሁሉም አልደረሰም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በደረሰው እልቂት፣ ከተማሩት ወጣቶችና ከጥቁር አንበሳ አባላት ብዙዎች ተገደሉ። ራስ እምሩ ክብራቸውን የከፈሉበት ነገር በከፊል ከእጃቸው ወጣ። በጎ ሥራ የሠራ ሰው የሥራውን ፍሬ ሁልጊዜ አያይም። የእኛ ድርሻ መልካሙን መምረጥ ነው፤ ፍጻሜው የእግዚአብሔር ነው። ስለ በጎ ምርጫው በዚህ ዓለም ካሣ የሚጠብቅ ሰው ቶሎ ይዝላል።

የደሴቱ ዓመታት

ምርኮኛው በአውሮፕላን ወደ ኢጣልያ ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ሰባት ዓመት ያህል በባዕድ አገር በግዞት ቆዩ። የምርኮ ዓመታት ታሪክ ብዙ የሚተረክ ነገር የለውም። ቀኑ ከቀኑ ጋር ይመሳሰላል፤ ሰው የሚፈተነውም በታላቅ ውጊያ ሳይሆን በየማለዳው ተስፋ ባለመቁረጥ ነው። ከየካቲት 12 በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን መኳንንትና ምሁራንም በኢጣልያ ደሴቶችና መንደሮች ተበትነው በዚህ ፈተና አልፈዋል።

በ1935 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ሙሶሊኒ ከሥልጣኑ ወርዶ ሲታሰር፣ በመጀመሪያ ከተወሰደባቸው ስፍራዎች አንዱ ያው የፖንዛ ደሴት ሆነ። አሳሪው ምርኮኛው ወደ ታሰረበት ደሴት በእስረኛነት መጣ። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በምስጋና ጸሎቷ ስለ ትዕቢተኞች መውረድና ስለ ትሑታን መነሣት የተናገረችው በዘመናችን ሰዎች ዓይን ፊት ሲፈጸም ታየ። ሆኖም ይህን የምናነሣው በወደቀ ሰው ለመሣለቅ አይደለም። የዚህ ዓለም ኃይል ምን ያህል አጭር እንደሆነ ለማሰብ ነው።

ሳይገደዱ መስጠት

ራስ እምሩ ኢጣልያ ለተባባሪዎቹ ኃያላን እጇን ስትሰጥ ነፃ ወጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በበጌምድር አገረ ገዥ ሆኑ፤ ከዚያም በዋሽንግተን፣ በኒው ዴሊና በሞስኮ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው አገለገሉ። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት ሰዎች ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናሉ ብለው የጠሩት የእርሳቸውን ስም ነበር። ሙከራው በቀናት ውስጥ ሲከሽፍ ግን ራስ እምሩ በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ አመኔታቸውን አላጡም። ዙፋኑን ሊገለብጥ የተነሣውም፣ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠውም እምነት የጣሉባቸው ሰው ነበሩ። ለዚህ ምክንያቱን የምናገኘው ራሳቸው በርስታቸው ላይ ባደረጉት ነገር ነው ብለን እናምናለን።

በዚያ ዘመን መሬት ማለት ሥልጣንም ሀብትም ነበር። ጭሰኛው ካመረተው ላይ ለባለ ርስቱ ያካፍላል፤ ባለ ርስቱ ከፈለገ ያስነሣዋል። ካፋን በመሰሉት የደቡብና የምዕራብ አገሮች ደግሞ ሸክሙ የበለጠ ከባድ ነበር። የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ የሆነው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ራስ እምሩ ግን አዋጁ ሳይታወጅ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ መሬታቸውን ለሚያርሱት ጭሰኞች አካፈሉ። ከእርሳቸው ጋር የሚተካከሉት መሳፍንት ይህን እንደ ሞኝነት ሳይቆጥሩት አልቀሩም፤ አንዳንዶችም ቀዩ ራስ የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው። መጥምቁ ዮሐንስ ግን ስለ ንስሐ ፍሬ ለጠየቁት ሰዎች ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ነበር ያስተማራቸው። ይህን ትእዛዝ ለመፈጸም አዲስ አስተሳሰብ ከውጭ መምጣት አያስፈልገውም ነበር፤ በየቤተ ክርስቲያናችን ሲነበብ ኖሯልና።

በጎጀብ ዳር የሰጡት ተከበው ሳሉ ነው፤ ሰው ሲከበብ ብዙ ነገር ይለቃል። ርስታቸውን የሰጡት ግን በሰላም ቀን፣ በሙሉ ነፃነት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ስጦታ የመጀመሪያውን ይመሰክርለታል። በመከራ ቀን ያደረጉት ከፍርሃት የመጣ እንዳልነበረ በተድላ ቀን ያደረጉት ያስረዳል።

ከልጆቻቸው ወይዘሮ ዮዲት እምሩ ኢትዮጵያን በአምባሳደርነት በመወከል የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል፤ ልጅ ሚካኤል እምሩ በ1966 ዓ.ም. ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በአብዮቱ ዘመን ብዙ መኳንንት ሲገደሉና ሲታሰሩ ራስ እምሩ በአዲስ አበባ ኖረው፣ ነሐሴ 9 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ በጾመ ፍልሰታ፣ በእርጅና ዐረፉ። መሳፍንትን ያጠፋው መንግሥት እኒህን ልዑል በክብር አስቀበራቸው። ያዩትንና የሚያስታውሱትን የጻፉበት መጽሐፍም፣ ካየሁት ከማስታውሰው፣ ከሞታቸው በኋላ ታትሞ ለአንባቢ ደርሷል።

ለእኛ የቀረልን

ከእኛ መካከል ሠራዊት የሚመራ ጥቂት ነው፤ በርስቱ ጭሰኛ ያለው የለም። ነገር ግን በእጁ ሌላ ሰው ያልተሰጠው ክርስቲያን አይገኝም። በቦንጋ ገበያ የገበሬውን ቡናና ማር የሚመዝን ነጋዴ፣ ሚዛኑን ማንም በማያይበት ሰዓት ምን ያደርጋል? ሥራ የተበላሸበት የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ጥፋቱን በራሱ ይወስዳል ወይስ በታናሹ ሠራተኛ ላይ ያላክካል? ወንድማማቾች የአባታቸውን ቤት ሲካፈሉ ታላቅየው ለታናሹ ይለቃልን? በበዓል ቀን ዶሮውን የሠራችው የቤት ሠራተኛ ከማዕዱ ተካፋይ ናት ወይስ በጓዳ ቀርታለች? ጎረቤቱ ታሞ የዘመን መለወጫን ብድር ያልከፈለለት ሰው፣ ለልደት በሩን አንኳኩቶ ይጠይቀዋልን ወይስ ይታገሠዋል? የሃይማኖት ፈተና አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በእንዲህ ያለ ትንሽ ልብስ ተጐናጽፎ ነው። በትንሹ ያልለመደ ሰው በትልቁ ቀን መስጠት አይሆንለትም።

የልደት በዓል የሰጪው በዓል ነው። የሰማይና የምድር ንጉሥ ክብሩን ትቶ በከብቶች በረት የተኛው ለሌላ አይደለም፤ በእጁ የተፈጠርነውን እኛን ለማትረፍ ነው። ስለዚህ በዚህ በዓል ማዕዳችንን ስንባርክ፣ በእጃችን የተሰጡንን ሰዎች በስም እያነሣን እናስባቸው። ከእነርሱም ለአንዱ፣ ከሚገባው በላይ፣ ሳንገደድ እንስጠው። ጎጀብን ተሻግረው ወደ ካፋ የሚጓዙ ምእመናንም በዚያ ወንዝ ዳር በጾም ወራት የተማረኩትን፣ ከእርሳቸውም ጋር ተርፈው በኋላ የተገደሉትን ወጣቶች በጸሎታቸው ያስቡልን።

የሰላም አለቃ የሆነው ጌታ በዓሉን የፍቅርና የመተሳሰብ ያድርግልን። መልካም የልደት በዓል።